ጋሼ መፍቻ ከሐኪሟ ጋር የገጠመው ሙግት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሆስፒታል የምመላለሰው ለደም ግፊቴ ነው፤ በዚያውም የድሮ ተማሪዎቼን አይቼ ለመኩራት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ትንሽ ቢኮራ አይፈረድበትም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የወረፋ ቁጥሬን ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ፣ ጎረቤቴን ጋሼ መፍቻን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። አርባ ዓመት የሰፈራችንን ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ መፍቻ ከኪሱ ስለማይለይ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም። በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው፣ ደህና አይደለህም?» አልኩት።

«ባለቤቴ ናት መምህር። ጠዋት ልብስ ስትሰፋ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ምላሷም ተሳሰረ። ስትሮክ ነው አሉኝ። አሁን ደግሞ የረጋ ደም በሽቦ ከጭንቅላቷ እናውጣ፣ ፈርም ይሉኛል። አልፈርምም።»

አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ «መምህር» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ብል የድሮ ተማሪዬ ናት፤ ዛሬ የአንጎል የደም ስር ሐኪም ሆናለች። ክፍል ውስጥ ጥያቄ እያበዛች የምታናድደኝ ልጅ ነበረች። እጄን ጨበጥ አደረገችና ወዲያው ወደ እሱ ዞረች።

«አባባ፣ የሚያስጨንቅዎትን ይንገሩኝ። ክፍሉ እየተዘጋጀ ነው፤ እስከዚያ ልስማዎት» አለችው።

«ልጄ፣ ንቄሽ አይደለም። እኔ ሥራዬ ይኸው ነው። አሮጌ ቧንቧ ሲደፈን ሽቦ የሚሰድበት ጀማሪ ነው። ሽቦው ድፍኑን ገፍቶ ወይ ወደ ውስጥ ይወትፈዋል፣ ወይ ዝገት የበላውን ጎን ይበሳዋል፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ውኃ ነው። እኔ ቆርጬ አዲስ እተካለሁ። የሷ የደም ስር ግን ስድሳ ዓመቱ ነው፤ አንቺም ቆርጠሽ አትተኪውም። ደግሞ ምን ያስቸኩላል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

እውነቱን ልናገርና ተናደድኩ። «በማታውቀው አትግባ» ልለው ስል ሐኪሟ በዓይኗ ከለከለችኝ።

«ልክ ነዎት አባባ» አለች። «ብንገፋው ይብሳል። የደም ስር የሚበሳበት ጊዜም አለ፤ ከመቶ ሰው ጥቂቱ ላይ ይደርሳል፣ አልደብቅዎትም። እኛ ግን አንገፋም። ብሽሽቷ ላይ ትንሽ ቀዳዳ እንከፍታለን። በዚያ በኩል ለስላሳ ቱቦ አስገብተን፣ መንገዱን በራጅ ስክሪን እያየን አንጎሏ ድረስ እናደርሰዋለን። ከውስጡ ሌላ በጣም የቀጠነ ቱቦ ወጥቶ የረጋውን ደም ያልፈዋል፤ የታጠፈ መረብ ይዟል። መረቡ እዚያ ይከፈትና የረጋውን ደም ይይዘዋል። ከዚያ ወደ ኋላ እንስባለን። ጭንቅላቷ አይከፈትም።»

ጋሼ መፍቻ ግን ጥያቄ አላለቀበትም። «ስትስቡት ቢበጠስስ? ቁራጩ ወደ ፊት ቢሄድስ?»

«ለዚህ ነው በትልቁ ቱቦ እየመጠጥን የምንስበው። ሁልጊዜ አይሳካም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መንገዱ ይከፈታል።»

«በመርፌ የሰጣችኋት መድኃኒትስ?»

«እሱ ትንሹን የረጋ ደም ያሟሟል። የሷ ትልቁን የደም ስር ነው የዘጋው፤ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃውም። በሲቲ ስካን ስናየው ገና ሊድን የሚችል ብዙ የአንጎል ክፍል አላት፤ በየደቂቃው ግን እየቀነሰ ነው። እርስዎ ሲሮጡ የታጠቁት ይፈታል አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል እላለሁ። አባባ፣ ለምን ዘገያችሁ?»

አንገቱን ደፋ። «ደክሟት መስሎኝ ጋደም በይ አልኳት። ሻይ ባቀምሳት ባፏ ጎን ፈሰሰ። እንቅልፍ ቢወስዳት ይሻላታል ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።»

ለስንት ዓመት «ስትሮክ የመታው ሰው ይረፍ፣ አይነካ» እያልኩ ያስተማርኩ እኔው ነኝ። የዚያን ቀን አስተማሪዋ ተማሪዬ ነበረች፤ ስህተቴን በማወቄ አፈርኩ፣ በሷ ግን ኮራሁ።

ጋሼ መፍቻ ቀና ብሎ «ይህን ስንት ጊዜ ሠርተሽዋል?» አላት።

«መቶ አርባ ያህል።»

«እስቲ እጅሽን ዘርጊ።»

ዘረጋችለት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አያቸው። «አይንቀጠቀጥም» አለና ፈረመ።

አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው የጠበቅነው፤ ለእሱ አርባ ዓመት ነበር። ሐኪሟ ስትመጣ በትንሽ ዕቃ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጠቆር ያለች ነገር ይዛ አሳየችን።

«ይቺ ናት?» አለ ጋሼ መፍቻ። «ቤቴን ልታፈርስ የነበረችው ይቺ ናት?»

በማግስቱ አብሬው ገባሁ። ባለቤቱ ቀኝ እጅሽን አንሺ ስትባል፣ በዝግታም ቢሆን አነሳችው። ሐኪሟ ወደ ጋሼ መፍቻ እያመለከተች «ይሄ ማን ነው?» አለቻት።

«ባሌ» አለች፤ ቃሉ እየተጎተተባት። «ምነው... ጢሙን አልተላጨም?»

ጋሼ መፍቻ ሰው ፊት አለቀሰ። እኔም አብሬው።

ከሦስት ወር በኋላ በሰፈራችን ስብሰባ ተጠራ። ስለዚህ በሽታ እንድናገር ተጋብዤ አራት ገጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጋሼ መፍቻ ግን ቀድሞኝ ተነሳ።

«ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ነው ብላችሁ ያዙ» አለ። «የጀመረበትን ሰዓት እዩ። ምግብም መጠጥም አትስጡ። ሽቦና መረቡ ወዳለበት ሆስፒታል ሩጡ። ለሁሉም አይሆንም ይላሉ፤ ማን እንደሚሆንለት የሚለየው ሐኪም ነው፣ እሱም በጊዜ ከደረሳችሁለት። በፊት አልጋ ላይ የሚቀር ሰው ዛሬ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ጭንቅላቱ ሳይከፈት፣ ሥራውን ሳያጣ፣ ለልጆቹ ሸክም ሳይሆን። ባለቤቴ ትራመዳለች፣ ታበስላለች። መርፌ ለመያዝ ግን ጣቶቿ ገና እምቢ ይሏታል። ይህ የሕክምናው ጉድለት አይደለም። እኔ ያስተኛኋት አንድ ሰዓት ያመጣው ነው። ከእናንተ ደብቄው ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ አልደብቀውም። እናንተ አታስተኙ።»

ከጎኑ የተቀመጠችው ባለቤቱ ቱታውን ሳብ አደረገችው።

«በቃ ተቀመጥ፤ አሁን ደግሞ መምህር ይናገር» አለችው፤ አንድም ቃል አልተጎተተባትም።

የምጨምረው ስላልነበረኝ ተነስቼ፣ ያቺ ሐኪም ተማሪዬ እንደነበረች ብቻ ተናግሬ ተቀመጥኩ።