ደሴ የቀረው ኮምፒውተሬ

ከአሮጌ ሰርቨር በተፈቱ ዕቃዎች የገጣጠምኩት ኮምፒውተር፣ ኮምቦልቻ ቤቴ ሆኜ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር በጀመርኩ ቁጥር ድርግም ይልብኛል። ሙሽሮቹ ቢጨቀጭቁኝ ተሸክሜው ደሴ ወጣሁና ሆጤ ሰፈር እህቴ ዘሃራ ቤት ሰካሁት፤ ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ደስ ብሎኝ ይዤው ብወርድ እንደገና ጠፋ። የኮምቦልቻው ጠጋኝ ከኋላው የሚወጣውን ትኩስ አየር በእጁ ዳሰሰና፣ «ይኼ ቀዝቃዛ ክፍል የለመደ ዕቃ ነው፤ የእኛን ሙቀት አይችልም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ወይ ትልቅ ፋን ግዛለት፣ ወይ ደሴ ይኑር።»

ፋኑ እስኪገኝ ዘሃራ ዘንድ አስቀምጬው፣ እየተመላለስኩ የሙሽሮቹን ቪዲዮ ጨረስኩ። ፋኑን ገዝቼ ልወስደው ስሄድ ግን እህቴን ከነልጆቿ ከኮምፒውተሩ ኋላ ተኮልኩለው እጃቸውን ሲያሞቁ አገኘኋቸው። «ወላሂ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለችኝ፤ «ፋኑን ለራስህ አድርገው።»