የክላይቭ ማክሬ የጀርባ ሕመም

የባቡር ነጂው ክላይቭ ማክሬ በሊትጎ ከተማ ፖስታ ቤት ደጃፍ ቆመው፣ የያዙትን ደብዳቤ ከሣጥኑ ልክተተው አልክተተው እያሉ ሲያመነቱ፣ ከኋላቸው «አጎቴ ክላይቭ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። ክው አሉ። ሰው በስማቸው ከጠራቸው ስንት ቀኑ!

የጠራቻቸው ብሮንዊን ናት፤ የሟቹ የሥራ ባልደረባቸው የሮስ ልጅ። ተምራ ተመልሳ፣ በባቡር ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ በሥራ ላይ የተጎዱ ሰዎችን ጉዳይ ትከታተላለች።

«ጠፉ እኮ! ስልክ አያነሡ፣ በር አይከፍቱ። ምነው፣ ተቀየሙን እንዴ?»

«ጀርባዬን ነው ልጄ፣ ጀርባዬን።»

ወይ ጀርባ! ጀርባቸውስ ደህና ነበር። የዛሬ አምስት ወር፣ ከሰል የጫነ ባቡር ይዘው ከተራራው ሲወርዱ፣ መንገዱ ሐዲዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አንዲት መኪና ቆማ ቀረች። ጡሩንባ ነፉ፣ ፍሬን ያዙ፤ ያ ሁሉ ጭነት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚቆም ነገር አይደለም። መሪ የያዘችው ሴት ከመገጨቷ በፊት ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ራት ሊበሉ ሲቀመጡ ቀኝ እጃቸው ጡሩንባውን ፍለጋ ጠረጴዛውን ይጫናል። ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ልጃቸው ያለው ከአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ፐርዝ ነው። በቤቱ ውስጥ የሚናገር ሬዲዮኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ያጠፉታል።

በነጂዎች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ሰው ቤት ጓደኞቹ አንድ ካርቶን ቢራ ይዘው ይሄዳሉ፣ ስለ ራግቢ ጨዋታ ያወራሉ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ አይነሣም። ጀርባ ግን ወግ ያለው ሕመም ነው፤ ማንም አይስቅበትም። ስለዚህ ክላይቭ የጉዳት ካሳ ማመልከቻው ላይ «ጀርባ» ብለው ሞሉ። ራጁ ምንም አላሳየም፤ ማመልከቻውም ውድቅ ሆነ። እነሆ አሁን ውሸታም ከምባል ይቅርብኝ ብለው ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩበትን ሥራ ሊለቁ ነው። የያዙት ደብዳቤ የሥራ መልቀቂያ ነበር።

ብሮንዊን አድራሻውን አየችና ነገሩ ገባት። ክንዳቸውን ይዛ ደጃፉ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አጎቴ ክላይቭ፣ ጀርባዎን እንዳልሆነ ጣቢያው በሙሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ምን ልበል? ጭንቅላቴን ልበል? አውቆ አበድ ሊሉኝ?»

«ይበሉዋ! ሕጉ እኮ የአእምሮንም ጉዳት እንደ ተሰበረ እግር ይቆጥረዋል። አደጋው በመዝገብ ሰፍሯል። ሐኪም ይመረምርዎትና ሕመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑን ይጽፋል። መድን ድርጅቱ ከተቀበለው ሕክምናውን ይከፍላል፤ ደመወዝዎ ሙሉ ባይሆንም አይቋረጥም፤ ሲሻልዎ ቀስ እያሉ ይመለሳሉ። ይህን ደብዳቤ ከላኩ ግን የሚመለሱበትም ቦታ አይኖርም።»

«የመጀመሪያው ውሸቴስ?»

«የዋሹት የት እንዳመመዎት ነው፤ ማመሙንማ አልዋሹም። አፍሬ ነው ይበሏቸው። ስንቱ ነጂ ጀርባዬን እያለ ቢሮዬ እንደሚመጣ ቢያውቁ!»

ክላይቭ ፈገግ አሉ፤ ግን አልተሸነፉም። «አባትሽ እንዲህ ያለ ነገር ሦስት ጊዜ ደርሶበታል። አንድ ቀን እንኳ ከሥራ አልቀረም። ወንድ ማለት እሱ!»

የልጅቱ ፊት ተለዋወጠ።

«እናንተ የምታውቁት ሥራ ላይ ያለውን ሮስን ነው። ቤት የሚገባው ሌላ ሰው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ጓሮ ያለው ጋራዥ ውስጥ ኖረ፤ እዚያው ተኝቶ እዚያው ይነሣል። ምሳውን ይዤለት ስገባ ፊቱን ያዞርብኛል። እስኪሞት ድረስ ምን አድርጌው ይሆን እንዲህ የጠላኝ እያልሁ ኖርሁ። ለእርስዎ ወንድ ነበር፤ ለኔ ግን የተዘጋ በር ነበር።»

ክላይቭ እስከ ዛሬ ብቻቸውን የሚሰቃዩ፣ ችግራቸው ማንንም የማይነካ ይመስላቸው ነበር። ልጃቸው ሁለት እሑድ ደውሎ ስልኩን እንዳላነሡለት ትዝ አላቸው። ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቁ።

«ጋራዥ ሲገባ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ሰባት።»

«ያን ዓመት አደጋው ሲደርስበት እኔ አብሬው ነበርሁ፣ ልጄ። ሐዲዱ ላይ አንዲት ተማሪ ነበረች። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ የምትለብሺው ዓይነት ሰማያዊ ቀሚስ፣ ያው ባርኔጣ። አባትሽ ‹ብሮኒ!› ብሎ ጮኸ፤ አንቺ መስለሽው። እንዳልሆንሽ ካወቀም በኋላ ጩኸቱን አላቆመም። ከዚያ ወዲያ አንቺን ባየ ቁጥር ያችን ልጅ ነበር የሚያየው፤ ለኔ አንድ ቀን ብቻ ነገረኝ። እኛም ቢራ ይዘን ሄድን፣ ስለ ራግቢ አወራን። ላንቺ እንኳ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልሁም። ምን ዓይነት ሰዎች ነን!»

ሁለቱም አለቀሱ። ሰው እያያቸው ያልፋል፤ ክላይቭ ግን ግድ አልሰጣቸውም። ደብዳቤውን ቀደዱና «ተነሺ፣ ሐኪም ዘንድ አድርሺኝ» አሉ።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። መድን ድርጅቱ በራሱ ሐኪም አስመረመራቸው፤ ወረቀት ተመላለሰ፤ ክላይቭም ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጠው ነበር። በመጨረሻ ግን ካሳው ተፈቀደ። ዛሬ በየሳምንቱ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገራሉ፣ ሌሊት ጥቂት ሰዓት ይተኛሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጣቢያው ውስጥ ሥራ ጀምረዋል፤ እሑድ ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። አንባቢ ሆይ፣ ሥራህ አእምሮህን ከጎዳው ተናገር፤ ካሳውን መጠየቅ ልመና አይደለም፣ መብትህ ነው። አንተ ዝም ስትል ቤትህ ያለው ሰው ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ይኖራል።

ደብዳቤው የተቀደደ ዕለት፣ ክላይቭ ሐኪሙ ክፍል እንደ ገቡ፣ ብሮንዊን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ስለ አባባ ነው። አልጠላንም ነበር እኮ።»

እናቷ፣

«ቆይ፣ ልቀመጥ» አለች፤ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»