«ሊሠራ የማይወድ»

— ሄሎ?... አቤት፣ ማን ልበል?... ተረፈ? አንተ ነህ?... አዎ፣ ጠዋት የደወልኩልህ እኔ ነኝ፣ ተካ። ቁጥርህን ቴፒ የሚመላለስ ሾፌር ነው የሰጠኝ... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ዝናቡ ነው፣ የሚዛንን ዝናብ ታውቀው የለ... ቆይ፣ ወደ ጓዳ ልግባ። ማሚት፣ ሬዲዮውን ቀንሺው እስቲ።

— እሺ... አይ፣ ማንም አልሞተም፣ ሁላችንም ደህና ነን። ወገብህስ?... አሁንም በከዘራ?... እህ።

— ስማኝ፣ ካቋረጥከኝ አልጨርሰውም። ያን ቀን ከልጆቹ ጋር ምሳ ላይ ሳለን ያልኩህን... ረሳሁት አትበለኝ። ወንድሜ ቤት ብለህ ስድስት ዓመት ደጄን አልረገጥክም። ቡና ስትጭን ከመኪና ወድቀህ፣ እኔ ቤት ተኝተህ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላህ፣ «መጽሐፉ የማይሠራ አይብላ ይላል» አልኩህ። እጅህን ታጥበህ ወጣህ።

— ባለፈው እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ሥራ ሳስተምር ያንኑ ጥቅስ ጠራሁ። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ምዕራፉ ስንት ነው?» አትለኝ መሰለህ... አትሳቅ። ፈልጌ ፈልጌ ተሰሎንቄ ላይ አገኘሁት። «የማይሠራ» አይልም፣ ተረፈ። «ሊሠራ የማይወድ» ነው የሚለው... አዎ፣ የማይወድ። እኔ በቃሌ የያዝኩት በደርግ ጊዜ ቀበሌው ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ኖሯል።

— ጳውሎስ የሚገሥጸው ጉልበት እያላቸው በሰው ነገር እየገቡ የሚዞሩትን ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ «እንደ ወንድም ገሥጹት እንጂ እንደ ጠላት አትቍጠሩት» ይላል። ይህን የሚለው እኮ ለሰነፉ ነው። አንተ ሰነፍ አልነበርክም።

— አይ፣ ተወኝ ልናገር። ከላይ ከታች አለማንበቤ ብቻ አይደለም። መተኛትህን አይቼ ስንፍና ነው ብዬ በልቤ ፈርጄ ነበር። ጥቅስ የፈለግኩት ከፈረድኩ በኋላ ነው። ይቅር በለኝ።

— ሄሎ?... አለህ?... ምን?... ታውቀው ነበር? ያኔም?... ታዲያ ለምን ዝም አልክ?

— እሺ። እሺ ወንድሜ... ለፋሲካስ ትመጣለህ?... እናያለን?... እሺ፣ ደህና ዋል።

— ዘጋው፣ ማሚት... የለም፣ አልተቆጣም። ጥቅሱን ያን ቀንም ያውቀው ነበር። ለምን ዝም አልክ ስለው፣ «ታዲያ በልጆችህ ፊት ላሳፍርህ ነበር እንዴ?» አለኝ።