የትከሻው ስፌት

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የቤቱ ባለቤት፣ አዛውንቱ ሰፊ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው የአንድ ጥቁር ሱፍ እጅጌ ይሰፉ ነበር። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ናት። ከመንገዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትምህርት ስላልነበራት የክፍሏን መጋረጃ ልታሳጥር ይዛ መጥታለች። ሦስተኛው ማንም ሳይጠብቀው ከች ያለው የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ነው። ኮፍያውን በብብቱ፣ የደንብ ልብሱን ጃኬት በክንዱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ደህና አደራችሁ» አለ። «ጋሼ፣ የሰኞው ሥራዎ ጉድ አፈላብኝ።»

ሰፊው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ምን ጎደለው? ስፌቱ ተተረተረ እንዴ?»

«ምንም አልጎደለውም። ጣጣው እሱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት፣ የአንድ የምክር ቤት አባል መኪና መጥቶ ልጆቹ የሚሻገሩበት ዜብራ ላይ ቆመ። ሳጅኑ ፊሽካውን ነፍቶ ሾፌሩን «ወደፊት ሂድልኝ» አለው። የምክር ቤት አባሉ ወረዱና «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» አሉ። «አውቃለሁ ክቡርነትዎ፤ መኪናው ግን የልጆቹ መንገድ ላይ ነው» አላቸው። እሳቸውም የትከሻውን ማዕረግ ጨብጠው ወደ ታች ሳቡት። ማዕረጉ ከጃኬቱ ጨርቅ ጋር ተቀዶ ወጣ። አስፋልቱ ላይ ጣሉትና «ይህን የሰጠህ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ እኔ ነኝ» ብለው ሄዱ። ከቆመው ሰው ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ አጉረመረመ፣ ጥቂት ጎረምሶች ጎንበስ ብለው ድንጋይ ፈለጉ። ሰፊው መርፌያቸውን እንደያዙ ሁሉንም በመስኮታቸው አይተዋል።

በተቀደደ የደንብ ልብስ ጣቢያ መግባት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሳጅኑ ማዕረጉን ከመሬት አንሥቶ በቀጥታ ወደ ሰፊው ቤት ገባ። አዛውንቱም ቀለሙ እንዳይለይ ብለው ክሩን ከራሱ ከጃኬቱ የውስጥ እጥፋት መዘው አወጡና ቅዱን ዘጉት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀና አላሉም። ሲጨርሱ የራሳቸው ዐይን እንኳ ቦታውን ማግኘት አቃተው፤ በልባቸውም «አሁንም እጄ አልከዳኝም» ብለው ደስ አላቸው።

«ታዲያ ምን ሆነ?» አለች መምህርቷ።

«በማግሥቱ የክስ ደብዳቤ መጣ» አለ ሳጅኑ። «የምክር ቤት አባሉ ‹ሰደበኝ፣ ደረቴን ያዘኝ› ብለዋል። የፖሊስ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ጠራኝ። የለም፣ እሳቸው ናቸው ትከሻዬን የቀደዱት አልኩ። ጃኬቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ወደ መስኮቱ አንሥተው፣ ገበሩን ገልብጠው አዩት። አንድ ክር አልተነቀለም። ተሰፍቶልኝ ነው ስል ‹ስፌቱ የታለ?› አሉኝ። ጋሼ፣ እጅዎ ወርቅ ነው። ስፌትዎ ትንሽ ቢከፋ ኖሮ እኔ አሁን ሥራዬ ላይ እቆም ነበር። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይወስናሉ፤ መባረሬ አይቀርም።»

የሰፊው መርፌ ጥቁሩ ሱፍ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ያ ሱፍ የማን እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። የምክር ቤት አባሉ ቅዳሜ ለጉባኤ የሚለብሱት ነው።

«አጎቴ» አለች መምህርቷ በቀስታ፣ «እርስዎ አይተዋል። የሰፉትም እርስዎ ነዎት። ስምንት ሰዓት ላይ ሄደው ይንገሩ።»

«እኔ?» አሉ ሰፊው። «ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ሰውየው ግን ንጉሥ አይደሉም፤ በድምፅ የተመረጡ ናቸው። እርስዎም መርጠዋቸዋል።»

«መርጫቸዋለሁ፣ አልክድም። ትከሻቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ልብስ ያምርባቸዋል።»

«ለልብስ መስቀያነት ነው እንዴ የመረጧቸው?»

ሳጅኑ ሳቁን ለመዋጥ ሳል አለ። ሰፊው ግን አልሳቁም። «አንቺ ትቀልጃለሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ልካቸውን የያዝኩ ሰው ነኝ። እሳቸው ሲመጡ ጓደኞቻቸው ይከተላሉ። ነገ ‹ያ ሰፊ ወሬ አዋቂ ነው› ቢባል ደጃፌን የሚረግጠው ማነው? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡስ አይገባም፤ ሳጅኑ ግን ይወጣል» አለች።

ሽማግሌው ሌላ ማምለጫ ፈለጉ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም፤ አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላውን ያንኳኳል።

«ይቅርታህን ሳጅን፣ አንተን ማለቴ አይደለም» አሉ። «ፖሊስም እኮ ስንቱን ያስለቅሳል። ሰኞ ሰው የሳቀው ለምን ይመስልሻል? ሁሉም የየራሱን ቂም አስታውሶ ነው። ባለሥልጣን ባለሥልጣንን ቢጎትት እኛን ምን አገባን?»

«ጥያቄዎ ተገቢ ነው» አለች መምህርቷ፤ መጋረጃውን አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች። «የሚበድል ፖሊስ ካለ የሚከሰስበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሄደን እንክሰሰው። የአንዱን ትከሻ ስለቀደዱት ግን የእኛ በደል አይካስም። ይልቅስ ይህን ያስቡ። ትልቅ ሰው ያዋረደው ፖሊስ ነገ ትልቁን መኪና ያሳልፋል፣ ንዴቱን ደግሞ እኛ ላይ ይወጣል። ከላይ የተገፋ ውኃ የሚያጥለቀልቀው ታች ያለውን ቤት ነው።»

ሳጅኑ ኮፍያውን በእጁ አዞረ። «እውነቷን ነው ጋሼ» አለ። «ትናንት ጠዋት አንድ መኪና በጣም ፈጥኖ መጣ። ላስቆመው እጄን አነሣሁ፤ ታርጋውን ሳየው እጄ በራሱ ወረደ። ከኋላው በብስክሌት የመጣውን ምስኪን ግን አቁሜ ጮኽኩበት። ምንም አላጠፋም። ማታ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ አፈርኩ።»

ይህን ሲናገር ቀና ብሎ አላየም። የሰው ጥፋት ሲነገር መልስ ይገኛል፣ ሰው ራሱን ሲከስ ግን ምን ይባላል?

በዚህ መሐል የዳቦ ቤቷ ባለቤት እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ ተንደርድራ ገባች። ጉልበተኛና ተረበኛ ሴት ናት። «ሰማችሁ?» አለች። «ጎረምሶቹ ከእንጨት ክምሬ ኋላ ድንጋይ እየቆለሉ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የሰውየው መኪና ወደ ኮሚቴው ቢሮ ሲመጣ ዛሬ መስታወት አይተርፍም። ኧረ ሳጅን፣ አንተም እዚህ ነህ? አላየሁህም፣ አልሰማህም።»

«ይኸው» አሉ ሰፊው ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው፣ «የምትሟገችለት ሕዝብ። ሰኞ ይስቃል፣ ረቡዕ ይወግራል።»

«ሁለቱም አንድ ነው አጎቴ» አለች መምህርቷ፤ አሁን ድምፅዋ ሞቅ ብሎ ነበር። «የሳቀውም፣ የሚወረውረውም ያየውን ላለመናገር ነው። መናገር ከሁለቱም ይከብዳል። አንድ መስታወት ከተሰበረ ነገ የሚወራው ስለ መስታወቱ ነው፤ የሳጅኑ ትከሻ ተረሳ ማለት ነው። ድንጋይ ቃል አይሰጥም።»

ሳጅኑ ጃኬቱን ለበሰ፤ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

«ወዴት ነው?» አሉት ሰፊው።

«ድንጋይ ከተወረወረ መኪናቸው ፊት መቆም አለብኝ።»

«የማን መኪና ፊት?»

«የእሳቸው ነዋ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ፖሊስ ነኝ፤ ሥራዬ ነው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ እንኳ ተረቧን ተወች። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። ገና ግን አልወሰኑም።

የትምህርት ቤቱ ደወል የተደወለው ያኔ ነው። ልጆቹ ለእረፍት ግር ብለው ወጡ። መምህርቷ አጎቷን በክንዳቸው ይዛ ወደ መስኮቱ አመጣቻቸው። «እዚያ አጥሩ ሥር ያሉትን ይዩልኝ» አለቻቸው።

አንድ ልጅ ትከሻው ላይ ቁራጭ ወረቀት በእስፒል አስይዞ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሌላው ሆዱን ነፍቶ፣ እጁን ኋላው አጣምሮ መጣና ወረቀቱን ነጥቆ መሬት ላይ ጣለው። የተሰበሰቡት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ወረቀቱን ያጣው ልጅ መሬቱን እያየ ሄዶ ተቀመጠ።

«ማክሰኞ የጀመሩት ጨዋታ ነው» አለች። «ሁሉም ትልቁን ሰው መሆን ይፈልጋሉ። ፖሊስ መሆን የሚፈልግ ስለጠፋ በዕጣ ነው የሚያወጡት። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ‹ሕግ ለሁሉም እኩል ነው› ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ እነሱ ግን ከመስኮቱ ውጪ ያዩትን ነው የተማሩት። ሰኞ ቆመን ያየነው ሁላችን አስተማሪዎቻቸው ነበርን።»

ሰፊው ወደ ሥራ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጥቁሩ ሱፍ ላይ አኖሩት።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» አሉ። «መቀደዱን አየሁ፤ መናገሩን ፈራሁ። ሳጅን፣ ጃኬቱን አውልቅና ስጠኝ፤ ስፌቴን እፈታዋለሁ።»

«እዚሁ ሊፈቱት ነው?»

«ሞኝ አደረግከኝ? እዚህ ብፈታው ‹እዚያው ቀዳችሁ አመጣችሁት› ይሉናል። ኮሚቴው ፊት ነው የምፈታው።» ከመሳቢያቸው አንድ ምላጭ አወጡ፣ በወረቀት ጠቀለሉት፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «አንቺም» አሏት ዳቦ ጋጋሪዋን፣ «ሰኞ በርሽ ላይ ቆመሽ አልነበር?»

«ነበርኩ። ስቄያለሁም» አለች ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ።

«መሳቅሽን ጨምረሽ ትናገሪያለሽ። ለእነዚያ ጎረምሶችም ድንጋዩን ጥላችሁ ያያችሁትን ይዛችሁ ኑ በያቸው።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ቢሮው በር ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር፤ የሁሉም እጅ ባዶ ነው። የምክር ቤት አባሉ መኪና መጥቶ ቆመ፣ ማንም አልጮኸባቸውም። ዝምታው ግን ከጩኸት የባሰ ሳይከብዳቸው አልቀረም፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወጡ።

በክፍሉ ውስጥ አምስት የኮሚቴ አባላት በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ፀጉሯ የሸበተ የፖሊስ መኮንን ናት። የምክር ቤት አባሉ ሰፊውን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «ሱፌ ደረሰ እንዴ?»

«እጅጌው ቀርቶታል ክቡርነትዎ። መጀመሪያ የጀመርኩትን ልጨርስ» አሉ ሰፊው። ከዚያ ለሰብሳቢዋ እጅ ነሥተው ያዩትን አንድ በአንድ ተናገሩ። ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ምላጩን ሲያወጡ እጃቸው ጸና፤ እጅ የለመደውን ሥራ ሲያገኝ ፍርሃትን ይረሳል። ጣታቸው ቦታውን ፈልጎ አገኘው። ክሩ አንድ አንድ እያለ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ጀመር።

ድንገት ጨርቁ አፉን ከፈተ። ከትከሻ እስከ ደረት የሚወርድ፣ ሦስት ጣት የሚያስገባ ቅድ ነበር።

ሰብሳቢዋ ተነሥታ ጣቶቿን በቅዱ አሳልፋ አየች። «ይህን ያህል አሳምረው ለምን ሰፉት?» አለቻቸው።

«ገመና ለመሸፈን ነበር እመቤቴ» አሉ ሽማግሌው። «የማንን ገመና እንደሸፈንኩ ግን አላወቅኩም።»

«ለአንዲት ጨርቅ ነው ይህ ሁሉ?» አሉ የምክር ቤት አባሉ፤ ፈገግታቸው ጠፍቷል።

«ጨርቅ ብቻ ቢሆንማ እርስዎም ባልጎተቱት፣ እኔም ባልሰፋሁት ነበር። ትከሻው ላይ ያለው የእኛ ነው ጌታዬ። እርስዎ የተቀመጡበትን ወንበር የሰጠነው እኛ ነን፤ እሱን መንገድ ላይ ያቆምነውም እኛው ነን። አንዱ የሌላውን ሲቀድ ራቁታችንን የምንቀር እኛ ነን።»

ከዚያ በኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ ገባች፣ ሰኞ መሳቋን ሳትደብቅ ተናገረች። ጎረምሶቹም ተራ በተራ ገብተው ቃላቸውን ሰጡ፤ ሁለቱ ድንጋይ ሰብስበው እንደነበር ሳይጠየቁ ተናገሩ። ጸሐፊው ወረቀት አልቆበት ሌላ አስመጣ።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሰፊው እንደ ወጣት ይራመዱ ነበር። «ጥቅሙን አሁን ገባኝ ልጄ» አሉ። «ትልቁ ከቆመ ትንሹም ይቆማል፤ ልጆቹ በሰላም ይሻገራሉ። ፖሊሱ ካልተዋረደ ሌላውን አያዋርድም። ቢያጠፋም አፍ አለን፤ ዛሬ ለእሱ የተናገርንበት አፍ ነገ በእሱም ላይ ይናገራል። ድንጋይ ያነሣ ልጅም እስር ቤት ሳይገባ ያመሻል። ሁሉም የሚገኘው ያዩትን በመናገር ነው። እኔ ሞኙ ዝምታ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።»

«ስለ ደንበኞችዎስ?» አለች ሳቅ እያለች።

«ሰው ራቁቱን አይሄድ። ይመጣሉ።»

ኮሚቴው ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ሳጅኑ በማዕረጉ ቀጠለ። የምክር ቤት አባሉ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቁ፤ ሱፉን ሾፌራቸው መጥቶ ወሰደው፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ስፌት ቤቱ አልተመለሱም። ሰፊው ትከሻውን መልሰው ሰፉት፤ በዚህኛው ጊዜ ስፌቱ ይታይ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሳጅኑ ዜብራው ላይ እጁን አነሣ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር መኪና ቆመ፣ ልጆቹ ተሻገሩ።