ባሕሩን የጋረደው ሰው

ሰው ጥፋቱን ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሰው ጥፋት ይጀምራል። እኔም ከጋሼ ወንዳፍራሽ ጀምሬ የራሴን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ቅመማ ቅመም መደብር አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት አለችኝ። የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የሬስቶራንት ሜኑና ትልልቅ ፎቶግራፍ አትማለሁ። አገር ቤት ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህር ስለነበርኩ ሰፈሩ ዛሬም «መምህር ክፍሉ» ይለኛል። መጠሪያውን እወደዋለሁ። ይገባኝ እንደሆነ ግን በዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ አንባቢ ይፍረድ።

በፈረንጆቹ 2014፣ መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ናዝራዊት የምትባል ተማሪ ለኮሌጅ የፎቶግራፍ ክፍሏ ያነሳቻቸውን ሥዕሎች ልታሳትም መጥታ ነበር። ናዝራዊት እዚሁ ሎስ አንጀለስ የተወለደች የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ «አንቱ» የሚባለው ነገር ግን አልፈጠረባትም። ሥራዋን እያስረከብኳት ሳለ በሩ ተበርግዶ ጋሼ ወንዳፍራሽ ገቡ።

ጋሼ ወንዳፍራሽ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ኢንግልዉድ ይኖራሉ፤ ከኤርፖርት መንገደኛ ይጭናሉ። ታክሲ ሲነዱም ቢሆን ከሙሉ ልብስና ከባርኔጣ ተለይተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ባርኔጣው ተንጋዶ፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሎ ነበር። ይዘውት የመጡትን ትልቅ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ክፍሉ፣ ማሽንህ ጉድ ሠራኝ» አሉ። «አዋረደኝ!»

«ምነው ጋሼ? ምን ሆኑ?»

«ባሕሩን አጥብቦታል። ይኸውልህ፣ እህቴ ሐሰተኛ ነህ አለችኝ።»

ቁጭ ብለው ታሪኩን አጫወቱን። ታላቅ እህታቸው እትዬ ሰርካዲስ ፍቼ ይኖራሉ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ «ጨርሶ ሳይጠፋብኝ ባሕር የሚሉትን አሳየኝ» ብለው ወንድማቸውን ለመኑ። ስልክ ላይ ያለው ሥዕል ስለማይታያቸው ጋሼ ትልልቅ ፎቶ እያሳተሙ በመንገደኛ ይልኩላቸው ነበር፤ በሦስት ዓመት ዘጠኝ ልከዋል። ታዲያ ጎረቤት ሁሉ ዘጠኙን ፎቶ አይቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ «ይህ ባሕር አይደለም፤ የፎቶ ቤት መጋረጃ ነው»።

«ትናንት ስልክ ደውላ ምን አለችኝ መሰለህ?» አሉ ጋሼ። «በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳይሰማባት፣ 'ወንድሜ፣ ባሕር አጠገብ ካልኖርክ አልኖርኩም በለኝ፤ እኔ አልቀየምህም' አለችኝ። እኔን! አንድ ቀን ዋሽቻት አላውቅም።»

ፎቶውን አየሁት። አዲስ አልነበረም፤ ያተምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ በሰማያዊ ሙሉ ልብስ፣ ከባርኔጣቸው እስከ ጫማቸው፣ ወረቀቱ መሃል ላይ እንደ ምሰሶ ቆመዋል። የተነሳው በቀትር ስለሆነ ሰማዩ ነጭ ጨርቅ መስሏል። የመብራት እንጨት ከባርኔጣቸው ላይ በቅሏል። ባሕሩ በግራና በቀኝ ትከሻቸው በኩል ብቅ ያለች፣ የእጅ ወርድ የምታክል ሰማያዊ ነገር ናት። ይህን ሁሉ እያየሁ አፌ እንደለመደው ተናገረ።

«ጋሼ፣ በጣም ያምራል እኮ! የጎረቤት ምቀኝነት ነው።»

ናዝራዊት ሳቋ አመለጣት። ጋሼ ዞር አሉ።

«ምን ያስቅሻል ልጄ?»

«ሶሪ ጋሼ። በአንተ አይደለም የሳቅኩት፤ ግን ሰዎቹ እውነታቸውን ነው። ከርተን ይመስላል።»

ደነገጥኩ። እንዲህ ላሉ ትልቅ ሰው «አንተ» ማለቷ ሳያንስ እውነቱን ፊት ለፊት ተናገረችው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼ ግን ተቆጥተው አልወጡም፤ ወንበር ስበው ቀረቧት።

«እሺ፣ አስረጂኝ» አሉ። «ባሕሩ እውነተኛ፣ እኔ እውነተኛ፤ ውሸቱ ከየት መጣ?»

«ማነው ያነሳህ?»

«መንገደኛ ነዋ። ካሜራዬን እሰጠዋለሁ፤ ሴንተር አድርገኝ፣ እግሬን አትቁረጥ እለዋለሁ። ይኸው ነው።»

«ለምን ሴንተር?»

«ታዲያ ጥግ ልቁም? ጥግ የሚቆም ያልተጠራ ሰው ነው ልጄ። በእኛ ወግ የተከበረ ሰው መሃል ነው የሚቀመጥ።»

«ኦኬ። ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ለማየት የመጣ ሰው ፊት ሚዜው መጥቶ ቢገተርስ?»

«ምን ዓይነት ሚዜ ነው እሱ! የሚዜ ቦታው ጎን ነው።»

«እህትህ ማንን አሳየኝ አለችህ? አንተን ነው ባሕሩን?»

«ባሕሩን።»

«ሶ፣ እዚህ ፎቶ ላይ ሙሽራዋ ማን ናት?»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እኔ በልቤ «ይህች ልጅ ከየት መጣችብኝ» እያልኩ፣ የተናገረችውን ግን ከሦስት ዓመት በፊት አውቀው እንደነበር ከራሴ መደበቅ አልቻልኩም።

«ይሁን» አሉ ጋሼ። «ግን ሰው የሌለበት ፎቶ ባዶ ቤት ነው። ከፎቶው ልውጣ ካልኩ ከሱቅ ፖስት ካርድ ገዝቼ ብልክላትስ ምን ልዩነት አለው? እዚያ መቆሜን በምን ታውቃለች?»

«እሱስ ትክክል ነህ። ውጣ አላልኩህም፤ ዳር ሁን ነው ያልኩህ። ሰውዬው ትንሽ ሲሆን ባሕሩ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ይታወቃል። ና፣ ይሄን እየው።»

ከሥዕሎቿ አንዱን ዘረጋችላቸው። ቶራንስ ባሕር ዳርቻ ላይ ያነሳችው ነው። ከታች እርጥብ አሸዋ ላይ የእግር ዱካ አለ፤ ግራው ዳር ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ በጣት ቁመት ቆሟል፤ የቀረው ሁሉ ውኃ ነው።

«ዓይንህ ከየት ጀመረ?» አለቻቸው።

ጋሼ በጣታቸው ተከተሉት። «ከዱካው... ከዱካው ወደ ሰውየው፤ ከሰውየው ወደ ማዕበሉ። ቆይ፣ ዱካው ነው የመራኝ!»

«አየህ? ቅርብ ላይ አንድ ነገር ስታስገባ ለሚያየው ሰው መግቢያ በር ይሆነዋል። ሰማዩና ውኃው የሚገናኙበት መስመርስ የት ነው?»

«ወደ ላይ ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱን ለውኃው ሰጥተሽዋል።»

«ምክንያቱም የዚያን ቀን ሰማዩ ምንም አልነበረበትም። ደመናው ቢያምር ኖሮ ለሰማዩ እሰጠው ነበር። እኩል ካካፈልከው ግን የሚያየው ሰው የቱን ልይ ብሎ ግራ ይገባዋል።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተኮሳተረ። «ይህ ሰውዬ ጀርባውን ነው የሰጠን! እኔ ከእናቴ ለማልለያት እህቴ ጀርባዬን ልስጣት?»

«ጋሼ፣ ወደ ካሜራው ስታይ እሷ አንተን ብቻ ነው የምታየው። ወደ ባሕሩ ስታይ ግን አብራህ ታያለች፤ ከኋላህ መጥታ የቆመች ያህል ነው።»

ይህ ነገር የነካቸው መሰለኝ። ናዝራዊት ለስለስ ብላ «ዓይኗን ምንድነው ያመማት?» ብላ ጠየቀች።

«ግላኮማ ነው አሉ። ዳር ዳሩ እየጨለመባት ሄደ። አሁንማ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው ትለኛለች። የሚታያት መሃሉ ብቻ...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ቀስ ብለው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አገናኝተው ቀለበት ሠሩና በዚያች ቀዳዳ ፎቶውን ተመለከቱ። በዚያች ቀዳዳ የሚታየውን እኔም ከቆምኩበት ገምቼዋለሁ።

«ክራቫቴን ነው» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ያየችው የእኔን ክራቫት ነው። የቀረቻትን ቀዳዳ እኔው ደፈንኩባት።»

እኒያ አንገታቸውን ደፍተው የማያውቁ ሰው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። እውነት ለመናገር የማየው አጣሁ፤ የማተሚያውን መብራት ሳይ ቆየሁ። በኋላ ባርኔጣውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ክፍሉ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ዘጠኙንም ያተምካቸው አንተ ነህ። አይታይህም ነበር?»

«ይታየኝ ነበር ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው።»

«ብቀየምህስ?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ተቀይሜ እታረቅህ አልነበር?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይሉኝታን ጨዋነት አድርጌ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለካ ያ «ያምራል» የምለው ቃል ለራሴ ሰላም እንጂ ለእሳቸው ክብር አልነበረም። የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል ይባላል፤ እኔ ሳልጠላቸው ሦስት ዓመት ሳስቃቸው ኖርኩ።

ለአዲስ ፎቶ ብዙ ጊዜ አልነበረንም። እየሩስ የምትባል የሰፈራችን ሴት እሑድ ጠዋት ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ ከእሷ በኋላ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ወራት ሊያልፍ ይችላል፤ የእትዬ ሰርካዲስ ዓይን ደግሞ ወራት አይጠብቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ሦስታችንም በጋሼ ታክሲ ወደ ቶራንስ ሄድን። ናዝራዊት ቀትር ላይ ከላይ የሚወርድ ፀሐይ ማዕበሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል ስላለች የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።

ጋሼ ፓርክ እንዳደረጉ ካሜራቸውን አወጡ።

«አስቀምጠው» አለቻቸው ናዝራዊት። «መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት እንራመድ። ካሜራ ሳትይዝ ምን ደስ እንዳለህ ንገረኝ፤ ከዚያ እሱን ታነሳለህ።»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለትሽ ነው» አሉ ጋሼ፣ ተረቱን ባታውቀውም።

ተራመድን። ማዕበሉ ሲመለስ አሸዋው ላይ የሚተወው ቅስት መስመር ደስ እንዳላቸው ተናገሩ። ከዚያ ማንሳት ጀመሩ። የመጀመሪያው ፎቶ ዘመም ብሎ «ባሕሩ ሊደፋ ነው» ተባለ። ሁለተኛው ላይ የቆሻሻ በርሜል ገባ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሲሄዱ በርሜሉ ከጠርዙ ወጣ። «ሁለት እርምጃ ብቻ!» ብለው ተገረሙ። ሦስተኛውን ጉልበታቸው እያመማቸው በርከክ ብለው አነሱ፤ ከታች ሲታይ ያ ቅስት መስመር ከፊት ተነስቶ ወደ ውኃው የሚወስድ መንገድ ሆነ። ፀሐይዋ ወደ ጎን ስትወርድ እያንዳንዱ ማዕበል የራሱን ጥላ አወጣ። ባሕሩን መሃል ላይ፣ እትዬ ሰርካዲስ ሊያዩ በሚችሉበት ቦታ አደረጉት።

እሳቸው በሚቆሙበት ግራው ዳር መጀመሪያ እኔን አቁመው በካሜራው ለኩና ካሜራውን አስጨበጡኝ። «አሁን አንተ ጫን። ሌላ ምንም እንዳትነካ» ብለው እኔ በነበርኩበት ቆሙ። ጀርባቸውን ለመስጠት ሲያመነቱ አየኋቸው። ከዚያ ዞሩ። ጫንኩ።

ማታውን ሳትም ቀኝ ጠርዙ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እግር ገብቶ አገኘሁ። ልቤ «ተወው፣ አይታያቸውም» አለኝ፤ አፌ ግን እንደምንም ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ይህ እግር ያበላሸዋል፤ ይቆረጥ።»

«ቁረጠው» አሉ። «የእኔ አይሁን እንጂ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሼ ስልካቸውን ይዘው ወደ ማተሚያ ቤቱ መጡና ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የእትዬ ሰርካዲስ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

«አየሁት!» ይላሉ። «ማለቂያ የለውም እንዴ ወንድሜ? መጋረጃ ነው ያሉትን ሁሉ ጠርቼ አሳየኋቸው፤ አፋቸውን ያዙ። አንተን ለማግኘት ግን ወረቀቱን ስገፋ ስስብ ዋልኩ። እዚያ ጥግ ላይ ያለኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ደግ አድርገህ ቆመሃል። አልጋረድከኝም።» ቀጥለውም፣ ማንንም ሳይወቅሱ፣ እንዲያው ስለ ዝናብ የሚያወሩ ያህል፣ «ያኔ የመጀመሪያውን ስትልክልኝ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደግ ነበር። ያኔ ዳር ዳሩም ይታየኝ ነበር» አሉ።

ጋሼ አላዩኝም። ሆን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩልኝ። ፊቴ ሲቃጠል ይሰማኝ ነበር፤ ዛሬ ይህን ስጽፍም ይሰማኛል። ለእኒያ ሴት ሰፊ ባሕር የሚታይበትን ሦስት ዓመት የበላሁት እኔ ነኝ፤ የበላሁትም «ያምራል» በምትባል ቃል ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ይህ ነው። መልክዓ ምድር የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ ማንን ሊያሳይ እንደመጣ ይወቅ፤ ለሚያሳየውም ቦታ ይልቀቅለት። አድማሱን ያቅና፣ ጠርዙን ይመርምር፣ ለዓይን መግቢያ ይተው፣ ብርሃኑን ይጠብቅ። ይህን የሚያደርግ ሰው ውድ ካሜራ አያስፈልገውም፤ የላከው ነገርም ካሰበው ሰው ዘንድ በእውነት ይደርሳል። የወዳጁን ሥራ የሚያይ ደግሞ ያየውን ይናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የወዳጁን በሽታ የደበቀ ግን ሌላ ሰው ነው የሚጎዳው።

ባለፈው ዓርብ ጋሼ ወንዳፍራሽ ከተራራ ላይ ሆነው ያነሱትን ፎቶ ይዘው መጡ። «እንዴት ነው?» አሉኝ። «ሰማዩ በዝቷል ጋሼ፤ አድማሱም ዘሟል» አልኳቸው። ፎቶውን ጠቀለሉና ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ወጡ፤ ተቀየሙ።

ሰኞ ቀጥ ያለውን ይዘው ተመለሱ።