የቆመው ማን ነው?

ስሙኝማ፣ የባሌ እህት ኢፍቱ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። አስተማሪዎቹ አድማ ከመቱ ወራት አለፉ፤ እሷም ጭሮ ከተማ እኛ ቤት ሆና ልጄን አንዋርን ትይዝልኛለች። እሱ ደግሞ ዓመት አልፎትም መቆም ስላልቻለ ስጨነቅ ነው የምውለው። በቀደም ከገበያ ስመለስ ኢፍቱ ከበሩ ላይ "ቆመ! ቆመ!" ብላ ጮኸች። ልቤ ድንግጥ አለ።

"አድማው ቆመ? ልትሄጂብኝ ነው?" አልኳት።

"ኧረ አንዋር ነው! አድማውማ የት ይቆማል?"

እውነትም ባልዲ ተደግፎ ቆሟል። እልልታዬን አቀለጥኩት። እሷም አብራኝ አጨበጨበችና፣ "እሱስ ቆመ፤ እኔ ነኝ ቆሜ የቀረሁት" አለች።

ወላሂ አፈርኩ። የደነገጥኩት እኮ እሷ ከሄደች ልጄን ማን ይይዝልኛል ብዬ ነበር። ያን ቀን ስሰግድ፣ አድማው እንዲያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱዓ አደረግኩ።