ሰማንያ ለሞላው መዋጮ የለም

ሐኪም ጋራ ከሚባለው ኮረብታ ወደ ከተማ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለችው ሴት ያወጉ ነበር።

«የእድራችን ጸሐፊ ስኳር ይዞ ቤቴ መጣ።»

«ሊጠይቅዎት ነዋ፣ አባባ።»

«ሳልታመም? ደግሞ ‹አባትዎ በስንት ዓመታቸው አረፉ?› ይለኛል።»

«ምን ሊያደርግለት?»

«ሰማንያ የሞላው መዋጮ አይከፍልም፤ ሲሞት ግን እድሩ ይቀብረዋል። ደንቡን ስናወጣ ሰማንያ የሚደርሰው አንድ ሁለት ሰው መስሎን ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሥራ ዘጠኝ ሆነናል። አንዳችንም የመሄድ ሐሳብ የለንም።»

«ታዲያ አባትዎ ስንት ዓመት ኖሩ አሉት?»

«መቶ ሁለት። ጽፎ ሳይጨርስ ፊቱ ጠቆረ።»

«እውነት ነው?»

«በስልሳ ዓመታቸው ነው ያረፉት። ልቡን ልወቅ ብዬ ነው።»

ባለፈው ሳምንት የእኛ እድር ጸሐፊ የእናቴን ዕድሜ ሲጠይቀኝ፣ ስላሰባት አመስግኜው ነበር።